ቱቦው ለዘወትር፣ ማስተንፈሻው ለክፉ ቀን

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ ኩሬ ነው የሚጠይቁት። በአፈር ግድብ ስለተያዘ የግል ኩሬ። ጥያቄዎቹ ቢለያዩም ዞረው ዞረው የሚያርፉት አንድ ቦታ ነው፤ ኩሬው ሲሞላ ትርፉ ውሃ በየት ይውጣ? የአፈር ግድብ ብዙ ነገር ይችላል። በአናቱ ላይ የሚያልፍ ውሃ ግን አይችልም። ስለዚህ ዛሬ ዓምዱን በሙሉ ለዚሁ ሰጥቼዋለሁ።

ጥያቄ፦ በእርሻዬ ውስጥ ባለች ትንሽ ሸለቆ ላይ 4 ሜትር ቁመት ያለው የአፈር ግድብ ልሠራ ነው። ወደ ኩሬው ውሃ የሚያፈሰው መሬት 10 ሄክታር ገደማ ይሆናል፤ ግማሹ የታረሰ፣ ግማሹ ግጦሽ ነው። ለትርፉ ውሃ ባለ 150 ሚሊሜትር ቱቦ በግድቡ ሥር ልቀብር አስቤያለሁ። ይበቃኛል ወይስ ሁለት ላድርግ?

መልስ፦ አንድም ሁለትም አይበቃዎትም። ቱቦው ይቅር ማለቴ አይደለም፤ ቱቦ ብቻውን ይበቃል የሚለውን ሐሳብ ግን ከአሁኑ ይተዉት። አብረን እናስላው።

መጀመሪያ የሚመጣው ጎርፍ። ለትንንሽ ተፋሰሶች የሚያገለግል ቀላል ስሌት አለ። የመሬቱን ስፋት በሄክታር፣ የዝናቡን ኃይል በሰዓት ሚሊሜትር፣ ከዘነበው ውስጥ ወደ ጎርፍ የሚለወጠውን ድርሻ ያባዙና ለ360 ያካፍሉ። መልሱ በሰከንድ ሜትር ኩብ ይሆናል። ለእርስዎ መሬት ድርሻውን 0.5 እንበል። ዝናቡን በሰዓት 60 ሚሊሜትር እንበል። 10 በ60 በ0.5 ሲባዛ 300 ይመጣል። ለ360 ሲካፈል 0.83። በሰከንድ 830 ሊትር ማለት ነው። የ60ውን ቁጥር እኔ ለምሳሌ ያህል ነው የያዝኩት። እርስዎ የአካባቢዎን የከባድ ዝናብ መረጃ ከሜትሮሎጂ ባለሙያ ይጠይቁና በዚያ ይተኩት። አጭር ዶፍ ከዚህ በጣም ሊበልጥ ይችላል።

አሁን ቱቦው። የ4 ሜትር ግድብ ወርዱ ከሥሩ 20 ሜትር ያልፋል፣ ስለዚህ ቱቦውም ያን ያህል ይረዝማል። በኩሬው ውሃና በቱቦው መውጫ መካከል 3 ሜትር የከፍታ ልዩነት ቢኖር፣ በመግቢያው፣ በመታጠፊያውና በርዝመቱ የሚባክነው ኃይል ሲቀነስ፣ ባለ 150 ሚሊሜትር ቱቦ ሙሉ ሆኖ ሲፈስ በሰከንድ 60 ሊትር ገደማ ያሳልፋል። የሚመጣው 830፣ የሚወጣው 60። ልዩነቱ በደቂቃ 46 ሜትር ኩብ ነው። ኩሬዎ 2000 ካሬ ሜትር ቢሰፋ እንኳ፣ ጎርፉ በዚያ ልክ 10 ደቂቃ ሲቆይ ውሃው 23 ሴንቲ ይነሳል። በቱቦ ብቻ ልወጣው ቢሉ እንደዚህ ያለ 14 ቱቦ ያስፈልግዎታል። እያንዳንዱ ቱቦ ደግሞ ግድቡን የሚያቋርጥ አንድ ተጨማሪ ደካማ ቦታ ነው።

ስለዚህ ሥራውን ይከፋፍሉት። ቱቦው የዘወትሩን ውሃ ያውጣ፤ ከምንጭ የሚመጣውን፣ ከቀላል ዝናብ በኋላ የሚተርፈውን። ለክፉ ቀን ደግሞ የጎርፍ ማስተንፈሻ ይቁረጡ። ማስተንፈሻ ስል ሰፊ፣ ጥልቀት የሌለው፣ ሣር የለበሰ ቦይ ማለቴ ነው።

የት ይሁን? በግድቡ ላይ አይሁን። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። መሃል ላይ ግድቡን ትንሽ ዝቅ አድርጎ “ሲሞላ በዚህ ይፍሰስ” ይላል። ይሄ ግድቡ በየት በኩል እንደሚፈርስ መምረጥ ነው። ማስተንፈሻው ከግድቡ ጫፍ ጎን፣ ሰው ባልነካው መሬት ውስጥ ይቆረጥ። የተሞላ አፈር የቱንም ያህል ቢጠቀጠቅ፣ ውሃ በላዩ ሲሮጥ ዘመናትን ካስቆጠረ መሬት እኩል አይጸናም።

ስፋቱ? በማስተንፈሻው አፍ ላይ ውሃው 30 ሴንቲ ከፍ ሲል፣ እያንዳንዱ ሜትር ስፋት በሰከንድ 250 ሊትር ያህል ያሳልፋል። 830 ለ250 ሲካፈል ከ3 ሜትር ትንሽ ይበልጣል። እርስዎ 5 ሜትር ያድርጉት። ቱቦው በቅጠል የሚደፈነው ብዙ ጊዜ በዚያው በጎርፉ ሰዓት ስለሆነ፣ ስፋቱን ሲያሰሉ ቱቦውን እንደሌለ ይቁጠሩት። “አጥብቤ ጥልቅ ባደርገውስ?” ሊሉ ይችላሉ። ጥልቀቱ እጥፍ ሲሆን ፍሰቱ ወደ ሦስት እጥፍ መጠጋቱ እውነት ነው። ግን ፍጥነቱም አብሮ ይጨምራል። ጥሩ ሆኖ ሥር የሰደደ ሣር በሰከንድ 1.5 ሜትር አካባቢ የሚሮጥ ውሃ ይችላል። ባዶ አፈር ግማሹን ቢችል ነው። 30 ሴንቲ ላይ ፍጥነቱ 1.4 ሜትር ነው፤ 60 ሴንቲ ላይ 2 ሜትር ይደርሳል። ሰፊና ስስ የሚሻለው ለዚህ ነው።

የቦዩ አፍ በደንብ ደልዳላ ይሁን፣ ከ7 እስከ 8 ሜትር ርዝመት ያህል። በውሃልክ ይለኩት፣ በዓይን አይመኑ። አንዱ ጎን 10 ሴንቲ ዝቅ ካለ ውሃው በሙሉ ወደዚያ ይሰበሰብና ቦይ በቦይ ውስጥ ይቆፍራል። ከዚያ በኋላ ቀስ ብሎ እየወረደ ውሃውን ከግድቡ እግር አርቆ ይልቀቀው። መኪናና ከብት አያመላልሱበት፤ የጎማና የኮቴ ዱካ ለጎርፍ መነሻ ነው። ሣሩ ሳይጸድቅ ደግሞ ኩሬውን አይሙሉት።

ከፍታዎቹን እንዲህ ይደርድሯቸው። ቱቦው ሁለት ክፍል አለው፤ በኩሬው ውስጥ ቀጥ ብሎ የቆመና ከእሱ ጋር ተገናኝቶ በግድቡ ሥር የተኛ። የቆመው አፍ ያለበት ቦታ የኩሬው የዘወትር ወለል፣ ማለትም የውሃው ገጽ ነው። ከዚያ 30 ሴንቲ ከፍ ብሎ የማስተንፈሻው አፍ። ከዚያ ላይ ለጎርፉ ጥልቀት 30 ሴንቲ። ከዚያ ደግሞ ቢያንስ ሌላ 30 ሴንቲ ምንም ውሃ የማይደርስበት ትርፍ ከፍታ፤ ለማዕበሉና ስሌቱ ላይ ላልገባው ነገር። በጥቅሉ የግድቡ አናት ከቱቦው አፍ ከ90 ሴንቲ እስከ 1 ሜትር ይበልጣል። የ4 ሜትር ግድብ 3 ሜትር ውሃ ይይዛል የምንለው ለዚህ ነው።

አፈር ደግሞ ይሰምጣል። አሥር በመቶ ይጨምሩ። ግድቡ ሰምጦ ሲያበቃ 4 ሜትር እንዲሆን ከፈለጉ ሲሠሩት መሃሉን 4 ሜትር ከ40 ያድርጉት። በጣም የሚሰምጠው ረጅሙ ቦታ፣ ማለትም መሃሉ ስለሆነ፣ አናቱ አዲስ ሲሆን መሃሉ ላይ ጉብ ብሎ መታየቱ ጥሩ ምልክት ነው።

የቱቦውን አፍ በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። ውሃ ወደ ቆመ ቱቦ የሚገባው በከንፈሩ ዙሪያ ነው። ባለ 150 ሚሊሜትር አፍ ላይ ውሃው 5 ሴንቲ ከፍ ቢል የሚገባው በሰከንድ 9 ሊትር ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ቁልቁል የቆመው ቱቦ ከተኛው ይስፋ፤ ለእርስዎ 300 ሚሊሜትር። እንዲያ ሲሆን ውሃው 10 ሴንቲ ከፍ ሲል 50 ሊትር ያህል ይገባል፣ የተኛው ቱቦም ሥራውን በወጉ ይሠራል። አፉ ላይ ውሃ እየተሽከረከረ አየር እንዳይስብ አንድ ጠፍጣፋ ላሜራ በቁመቱ አቋርጦ ይሰካበት። ቅጠልና እንጨት እንዳይገባ ደግሞ ከአፉ ብዙ እጥፍ የሚሰፋ የብረት ዘንግ ቅርጫት ያልብሱት።

የቆመው ቱቦ ሊንሳፈፍ እንደሚችልም አይርሱ። 300 ሚሊሜትር ስፋትና 3 ሜትር ቁመት ያለው ባዶ ቱቦ ውሃ ውስጥ 212 ኪሎ ያህል ወደ ላይ ይገፋል። ኮንክሪትም ውሃ ውስጥ ክብደቱ ይቀንሳል። ስለዚህ ከሥሩ ቢያንስ ሩብ ሜትር ኩብ ኮንክሪት ይሁን፣ ቱቦውም በብረት ይታሰርበት።

ከግድቡ በታች ቤት ወይም መንገድ ካለ የእኔን ስሌት ይዘው ሥራ አይጀምሩ። መሐንዲስ ቦታው ድረስ መጥቶ ይየው፤ ፈቃድ የሚያስፈልግ ከሆነም አስቀድመው ይጨርሱ።

ጥያቄ፦ ኩሬያችን ሁለት ዓመት ሆነው። ቱቦው ከግድቡ ጀርባ በሚወጣበት ቦታ፣ በቱቦው ውስጥ ሳይሆን በጎኑ፣ ውሃ መውጣት ጀምሯል። ሲሠራ ቱቦውን የሚከብቡ የኮንክሪት ኮላሮች ተደርገውለት ነበር። ቀዳዳውን በሸክላ አፈር ልድፈነው?

መልስ፦ አደራ እህቴ፣ እንዳይደፍኑት። መውጫውን ሲደፍኑት ውሃው አይቆምም፤ ግድቡ ውስጥ ግፊቱ ይጨምርና ሌላ መንገድ ይፈልጋል።

መጀመሪያ ውሃውን ይዩት። ዛሬውኑ በጠራ ጠርሙስ ይቅዱና አንድ ሌሊት ያስቀምጡት። ጠዋት ከጠርሙሱ ሥር ደለል ከተኛ፣ ያ ደለል የግድቡ ሆድ ዕቃ ነው። ውሃው ሲወጣ አፈር ይዞ እየወጣ ነው፣ ከውስጥ ባዶ ቦታ እየሰፋ ነው ማለት ነው። ጥርት ያለ ከሆነ ጊዜ አለዎት። ቢሆንም መጠኑን ይከታተሉ። ከመውጫው ሥር ባልዲ ያኑሩና በስንት ደቂቃ እንደሚሞላ፣ በዚያ ቀን የኩሬው ወለል የት እንደነበር ጭምር በየሳምንቱ ይጻፉ። ወለሉ ሳይለወጥ ባልዲው ቶሎ ቶሎ መሙላት ከጀመረ ጉዳዩ ከፍቷል።

ውሃው ከደፈረሰ ወይም ከጨመረ ኩሬውን ዝቅ ያድርጉ። በደኅናው ጊዜ ቢሆን በቀን ከ30 ሴንቲ በላይ አታውርዱ እል ነበር። ምክንያቱም በውኃ የራሰ የግድቡ ፊት ደጋፊው ውሃ በድንገት ሲሸሸው ይናዳል። ድፍርሱ በዓይን እያዩት ከጨመረ ግን ይህን ገደብ ይተዉት። ፓምፕ ያስነሱ፣ ከግድቡ በታች ላሉ ሰዎች ይንገሩ፣ መሐንዲስ ይጥሩ። እስከዚያው መውጫው ላይ ንጹሕ ሻካራ አሸዋ፣ በላዩ ጠጠር፣ በላዩ ድንጋይ ይከምሩ። ይህ ውሃውን ያሳልፋል፣ አፈሩን ይይዛል።

ኮላር እያለ ለምን ሆነ? ኮላር ውሃው የሚሄድበትን መንገድ ያስረዝማል፣ ሐሳቡ ይኸው ነበር። ችግሩ አፈር ሲጠቀጠቅ ነው። መጠቅጠቂያው ኮላሩ ጋ ሲደርስ ማዕዘኑ ውስጥ አይገባም፣ ሠራተኛው በእግሩ ረገጥ ረገጥ አድርጎ ያልፈዋል። በየኮላሩ ጥግ የላላ አፈር ይቀራል። ዛሬ መሐንዲሶች የሚመርጡት የአሸዋ ማጣሪያ ነው። ቱቦውን ከግድቡ ጀርባ በኩል ባለው ሲሶ ርዝመቱ ላይ ዙሪያውን በአሸዋ ግድግዳ ይከቡታል። ውፍረቱ 90 ሴንቲ ያህል፤ ወደ ጎንና ወደ ላይ ቢያንስ የቱቦውን ስፋት ሦስት እጥፍ ያህል የሚዘልቅ። አሸዋው ጭቃ የሌለበት፣ ለኮንክሪት የሚሆን ዓይነት ይሁን። ውሃው አሸዋው ጋ ሲደርስ የያዘውን አፈር ይጥልና ራሱ በተዘጋጀለት መውረጃ ይወጣል። ስርገት ሙሉ በሙሉ ይቁም ብሎ ከመታገል፣ ስርገቱ አፈር ሳይዝ እንዲወጣ ማድረግ ይሻላል።

ለጥገናው ግድቡ ከጀርባው መቆፈሩ አይቀርም፣ ኩሬውም ባዶ መሆን አለበት። ሲቆፈር እርስዎ እዚያው ይገኙ። በተለይ የቱቦውን ታችኛ ጎን፣ ከመሬቱ ጋር የሚገናኝበትን ጥግ ይዩ። ማንም የማያየው ቦታ እሱ ነው፣ ውሃው የሚጀምረውም ከዚያ ነው። ክብ ነገር ሥር አፈር መጠቅጠቅ ከባድ ነው። ጠባብ እንጨት ይዞ፣ 10 ሴንቲ በ10 ሴንቲ እየጨመሩ፣ በሁለቱም ጎን እኩል እየረገጡ መሄድ ነው ያለው። ወይም ቱቦውን እስከ ወገቡ ኮንክሪት ላይ ማስተኛት። የአፈሩ እርጥበት ልክ መሆኑን በእጅ ያውቁታል። ጨበጥ ያድርጉት። ተጣብቆ ኳስ ከሆነ፣ ጣትዎን ግን ካላረጠበ ጥሩ ነው። ከተበተነ ደርቋል፣ ካጨቀየ በዝቷል። ቱቦውም የሚቀየር ከሆነ፣ ላዩ የተሸበሸበውን የማፋሰሻ ቱቦ አይግዙ፤ በየሽብሻቡ መካከል አፈር በወጉ አይገባም። ላዩ ለስላሳ፣ መጋጠሚያው ውሃ የማያስገባ ይሁን።

ጥያቄ፦ ጎርፍ በመጣ ቁጥር ዓሣዎቼ በማስተንፈሻው እየሄዱ ያልቁብኛል። አፉ ላይ የሽቦ ወንፊት ብዘረጋ ምን ይለኛል?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ሳነብ ሁልጊዜ የሚታወሰኝ የሳውዝ ፎርክ ግድብ ነው። አሜሪካ፣ ፔንሲልቬንያ ውስጥ የነበረ፣ ዓሣ ለማስገርና ለመዝናኛ የሚሰበሰቡ ሰዎች ክበብ የያዘው የግል የአፈር ግድብ ነበር። ቁመቱ ከ20 ሜትር ይበልጣል። ክበቡ ከመግዛቱ በፊት የነበረው ባለቤት ከሥር ያሉትን የውሃ ማውጫ ቱቦዎች ነቅሎ ሸጧቸዋል። ክበቡ ደግሞ መንገዱ እንዲሰፋ የግድቡን አናት ዝቅ አደረገው። ዓሣ እንዳያመልጥ ማስተንፈሻው ላይ ወንፊት ዘረጋ። እ.ኤ.አ. ሜይ 31 ቀን 1889 ከባድ ዝናብ ጣለ። ጎርፉ ያመጣው እንጨትና ቆሻሻ ወንፊቱ ላይ ተከመረ። ኩሬውን ለማጉደል ቱቦ የለ፣ ማስተንፈሻው ታፍኗል፣ አናቱም ዝቅ ብሏል። ውሃው በግድቡ ላይ አለፈ፣ ግድቡ ፈረሰ። ከታች ባለችው ጆንስታውን ከተማና አካባቢዋ ከ2200 በላይ ሰው ሞተ።

የእርስዎ ኩሬ ትንሽ ነው፣ አውቃለሁ። አካሄዱ ግን ያው ነው። ወንፊት ዓሣን ከመያዙ በፊት ቅጠል ይይዛል፤ የሚይዘውም ውሃው በጣም መውጣት በሚፈልግበት ሰዓት ነው። ስለዚህ ማስተንፈሻው ላይ ምንም ነገር አይዘርጉ። አጥርም ቢሆን።

ዓሣውን በሌላ መንገድ ያቆዩት። ማስተንፈሻውን ያስፉት፤ ውሃው ስስ ሆኖ ሲያልፍ ትልልቁ ዓሣ አይከተለውም። ቱቦውን ደግሞ ሰፋ አድርገው ይሥሩት። የቱቦው ስፋት እጥፍ ሲሆን የሚያሳልፈው ወደ አምስት እጥፍ ይጠጋል፣ ስለዚህ ማስተንፈሻው የሚሠራው አልፎ አልፎ ብቻ ይሆናል። ወንፊቱ ቱቦው አፍ ላይ ይሁን፤ ቢደፈን እንኳ ማስተንፈሻው ክፍት ሆኖ ይጠብቅዎታል። ጫጩቶቹ መሄዳቸው አይቀርም፤ እሱን ይቻሉት።

ጥያቄ፦ አባታችን የሠሩት የቆየ ግድብ አለን። ማስተንፈሻ አለው፣ ቱቦ ግን የለውም። ማስተንፈሻው ዓመቱን ሙሉ ስለሚፈስበት ሣሩ ሞቶ መቦርቦር ጀምሯል። ግድቡን ቆርጠን ቱቦ እንቅበር?

መልስ፦ የማስተንፈሻ ሣር ዓመቱን ሙሉ ውሃ ውስጥ ቆሞ አይኖርም። ቱቦ ያስፈልጋል ማለታችሁ ትክክል ነው። የጸናውን ግድብ ለመቁረጥ ግን አትቸኩሉ። በጠባቡ ተቆፍሮ የተሞላ ቦይ ከአሮጌው አፈር ጋር በደንብ አይያያዝም፤ ስንጥቁ ለውሃ መንገድ ይሆናል።

ሳይፎን ይሻላችኋል። ቱቦው ከኩሬው ተነስቶ በግድቡ አናት አጠገብ ተሻግሮ በጀርባው ይወርዳል። መውጫው ከኩሬው ወለል በታች እስከሆነ ድረስ፣ አንዴ ውሃ ከሞላ በራሱ ይፈሳል። የሚያሠራው የአየር ግፊት ነው፤ በባሕር ወለል ላይ በንድፈ ሐሳብ 10.3 ሜትር፣ በተግባር ከ6 እስከ 7 ሜትር ያነሳል። ከፍታ ባለ ቦታ በየ1000 ሜትሩ 1 ሜትር ያህል ይቀንሱለት። ለእናንተ የሚያነሳው ከ1 ሜትር ብዙም አይበልጥም፣ ስለዚህ አያስቸግርም። ቱቦው ላይ፣ በኩሬው የዘወትር ወለል ልክ፣ ትንሽ የአየር ቀዳዳ ይኑረው። ውሃው እዚያ ሲደርስ አየር ይገባና ፍሰቱ ይቆማል፤ አለዚያ ኩሬያችሁን እስከ መግቢያው አፍ ድረስ ያደርቀዋል። የተቦረቦረውን ማስተንፈሻ አፈር ሞልታችሁ አትለፉት። ለስላሳ አድርጋችሁ አስተካክሉና ሣሩን እንደገና ትከሉ፤ እስኪጸድቅ ሳይፎኑ ይሠራላችኋል።

ጥያቄ፦ ኩሬውን ለማጉደል የሚያገለግል ቫልቭ ከግድቡ ጀርባ፣ ለመክፈት በሚመች ቦታ ላይ ባደርገውስ?

መልስ፦ ቫልቩ ከኋላ ከሆነ፣ ተዘግቶ ባለበት ጊዜ ሁሉ በግድቡ ሆድ ውስጥ ያለው ቱቦ በግፊት እንደተሞላ ይኖራል። አንድ መጋጠሚያ ቢላላ ውሃው በቀጥታ ወደ ግድቡ ይረጫል። ቫልቩ በኩሬው በኩል፣ ከቆመው ቱቦ እግር አጠገብ ይሁን፤ በረጅም ዘንግ ከላይ ሆነው ይክፈቱት። በየስድስት ወሩ ከፍተው ይዝጉት፣ እንዳይደርቅና እንዳይዝግ።